ይህ ዋንጫ የማን ነው? የኮምፓኒ የመጀመሪያ ዓመት በባየርን ሙኒክ

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ልጆች። ይህን ስጽፍ የ2024/25 የውድድር ዓመት ካለቀ ገና ጥቂት ቀናት ነበሩ። እኔ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። ባየርን ሙኒክ የጀርመኑን ሊግ የቡንደስሊጋውን ዋንጫ መልሶ ወሰደ፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አጥቂው ሃሪ ኬን ነው። ኬን በሕይወቱ የመጀመሪያውን ዋንጫ በማንሳቱ ደስ ብሎኛል፣ ይገባዋል። አሰልጣኙስ? የቪንሰንት ኮምፓኒን ስም የሚያነሳ ሰው አጣሁ።

እስቲ ከዓመት በፊት ወደነበርንበት እንመለስ። በፈረንጆቹ ግንቦት 2024 (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው) ባየርን ለ11 ተከታታይ ዓመታት የያዘውን ዋንጫ ለሌቨርኩሰን አስረክቦ፣ ከሽቱትጋርትም በታች 3ኛ ሆኖ ጨርሷል። በጀርመን ዋንጫ ሳርብሩከን የሚባል የ3ኛ ዲቪዚዮን ቡድን አሰናብቶታል። የያኔው አሰልጣኝ ቶማስ ቱሄል እንደሚለቅ ከየካቲት ጀምሮ ታውቋል። ክለቡ ዣቢ አሎንሶን ፈለገ፤ አሎንሶ ሌቨርኩሰን እቆያለሁ አለ። ናግልስማን ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ውሉን አራዘመ። ራንግኒክ ኦስትሪያን አልተውም አለ። ከራሱ ከቱሄል ጋር እንኳ እንደገና ተነጋግረው ሳይስማሙ ቀሩ። በመጨረሻ የመጣው የ38 ዓመቱ ኮምፓኒ ነበር። ያውም በዚያው ወር ከበርንሌይ ጋር ከፕሪምየር ሊግ የወረደ አሰልጣኝ፣ በ38 ጨዋታ 24 ነጥብ ብቻ ይዞ። ያን ሰሞን እዚሁ መድረክ ላይ የተጻፈበትን አልረሳሁትም።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ዋንጫው የኮምፓኒ ነው። ምክንያቴ ያገባው ጎል አይደለም። ባየርን ጎል ማግባት ቸግሮት አያውቅም። በቱሄል የመጨረሻ ዓመት በሊጉ 94 አግብቷል፣ ዘንድሮ 99። ለውጡ ያለው የተቆጠረበት ላይ ነው። 45 የነበረው 32 ሆነ። ያውም ተከላካዮቹን እስከ መሐል ሜዳ እየገፋ። በሊጉ የተሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

(ክሩ በሁለት ቀን ውስጥ ስለረዘመ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው እንዲመች ምላሾቹን በቅደም ተከተል ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ በራሴ አነጋገር ነው ያቀረብኩት።)

ምላሽ 1

መጀመሪያ የመጣው ሐዋሳ ያለው ወዳጃችን ነው። በጨዋ ደንብ ሰላምታ አቅርቦ ይቅርታ ጠየቀ። አምና ኮምፓኒ ገናን ሙኒክ አያከብርም ብሎ የጻፈው እሱ ነበር። ሐሳቡን ያስቀየረው የመስከረም 17ቱ የዛግሬብ ጨዋታ እንደሆነ ይናገራል። ኮምፓኒ በአሰልጣኝነት የመጀመሪያውን የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ ያደረገበት ምሽት ነው፤ ባየርን 9 ለ 2 አሸነፈ። ኬን ብቻውን 4 አገባ፣ ሦስቱ በፍጹም ቅጣት ምት። ውድድሩ የአሁኑን ስሙን ከያዘ ወዲህ በአንድ ጨዋታ 9 ያገባ ቡድን አልነበረም። ወዳጃችን ግን ከጎሉ ይልቅ የገረመው፣ ውጤቱ ካለቀለት በኋላም ተጫዋቾቹ ኳስ ለመንጠቅ እንደ መጀመሪያው ደቂቃ መሮጣቸው ነው።

ምላሽ 2

ይህ ሰው ሁልጊዜም ቁጥር ያስተካክላል። ዛሬም እኔን አስተካከለኝ፣ ልክም ነው። ባየርን በሊጉ የተሸነፈው አንድ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ነው። ታኅሣሥ ላይ ማይንዝ 2 ለ 1 አሸንፎታል። መጋቢት ላይ ደግሞ ቦኩም፣ ያውም ሙኒክ ድረስ መጥቶ፣ 3 ለ 2። እኔ የቦኩሙን ዘነጋሁት። ባየርን በጌሬሮ ሁለት ጎሎች 2 ለ 0 ሲመራ ነበር፤ ፓሊንያ ከዕረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጣና ጨዋታው ተገለበጠ። ቦኩም ዓመቱን በመጨረሻው ደረጃ ጨርሶ ወርዷል። ስለዚህ ሒሳቡ 25 ድል፣ 7 አቻ፣ 2 ሽንፈት፣ 82 ነጥብ ነው። ስላረምከኝ አመሰግናለሁ ወንድሜ።

ምላሽ 3

አጭር ነው። ዋንጫው የኬን ነው ይላል። 26 ጎል ያገባ አጥቂ ያለው ቡድን አሰልጣኝ ባይኖረውም ሻምፒዮን ይሆናል ባይ ነው። ማብራሪያ አልጨመረም።

ምላሽ 4

ለ3ኛው መልስ የሰጠችው አዲስ አበባ ያለችው እህታችን ናት። አምና ኬን 36 ጎል አግብቶ ቡድኑ 3ኛ መውጣቱን አስታወሰችው። ዘንድሮ በ10 ጎል ቀንሶ ሻምፒዮን ሆነ። እንግዲህ ዋንጫው የጎሉ ብዛት ውጤት ቢሆን አምና ነበር መምጣት የነበረበት። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ በስድስት አንቀጽ ልለው የፈለግኩትን እሷ በአራት መስመር ጨረሰችው።

ምላሽ 5

ከአዳማ የሚጽፈው የታዳጊዎች አሰልጣኝ ነው፤ የዚህ ክር ዋና ምላሽ የሱ ይመስለኛል። ብዙ ሰው የባየርንን ከፍ ብሎ መከላከል እንደ ድፍረት ብቻ ነው የሚያየው። እሱ ግን ከሜዳው ወለል ተነሥቶ አስረዳን።

ኮምፓኒ ባየርንን ሰው በሰው ያጫውታል። ተጋጣሚው ኳሱን ከበረኛው ሲጀምር የባየርን ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰው ይይዛሉ። ነፃ ሰው አይተዉም። አጥቂው በደንብ ከያዘ ረጅሙ ኳስ ሲመታ ትክክለኛ አይሆንም፤ ያኔ መሐል ሜዳ ላይ የቆሙት ኡፓሜካኖና ኪም ሚን ጄ ቀድመው ይደርሱበታል። ፊት ላይ ያለው አንድ ሰው ግን ከዘገየ፣ ከኋላ ያለው ሜዳ በሙሉ ክፍት ነው። ስለዚህ የመከላከሉ ሥራ የሚጀምረው ከኬንና ከኦሊሴ ነው። አዳማ ላይ ለልጆቹ ይህን ሲያስተምር ሁሉም ገብቷቸው፣ በ60ኛው ደቂቃ ላይ ግን ማንም እንደማይሮጥ ጻፈ። ችግሩ ማወቁ ላይ ሳይሆን 90 ደቂቃ ማመኑ ላይ ነው።

ከዚያ ወደ ጥቅምት 23 ወሰደን። ባርሴሎና 4 ለ 1፣ ራፊንያ ሀትሪክ ሠርቶ። ጎሎቹ የገቡት ከዚያው ከከፍተኛው የተከላካዮች መስመር ጀርባ ነው። በማግስቱ ጋዜጣው ሁሉ መስመሩን ወደ ኋላ መልስ ብሎ ጮኸ። ኮምፓኒ አልመለሰም። ቀጥሎ በተደረጉት 7 ጨዋታዎች ባየርን መረቡን አላስደፈረም። ቦኩም፣ ማይንዝ በጀርመን ዋንጫ፣ ኡኒዮን በርሊን፣ ቤንፊካ፣ ሳንክት ፓውሊ፣ አውግስቡርግ፣ ፓሪስ ሳን ዠርማ። በፓሪስ ሳን ዠርማው ጨዋታ ብቸኛዋን ጎል ያገባው ከባርሴሎናው ሽንፈት በኋላ ብዙ የተወቀሰው ኪም ነው። ያቆመው ኅዳር 30 የዶርትሙንድ 1 ለ 1 ነው።

እኔ ይህን ሳነብ ነው የራሴ ሐሳብ የጠራልኝ። አንድ አዲስ አሰልጣኝ 4 ለ 1 ተሸንፎ፣ ከሥሩ ያሉት ኮከቦች እያዩት፣ ሐሳቡን ሳይቀይር መቆሙ ቀላል አይደለም። ከሱ በፊት የነበሩት ናግልስማንና ቱሄል ሁለቱም የተሰናበቱት ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ነው። እዚያ ቤት ትዕግሥት አይገዛም።

ምላሽ 6

ከዚህ ጀምሮ አየሩ ተቀየረ። አንድ የሌቨርኩሰን ወዳጅ ሻከር ባለ ቃል ገባ። የሱ ክርክር፦ ባየርን አልወጣም፣ ሌቨርኩሰን ነው የወረደው። አምና 90 ነጥብ የነበረው ዘንድሮ 69 ሆነ። ባየርን በሊጉ ሁለት ጊዜ ገጥሞት አላሸነፈውም፤ 1 ለ 1 እና 0 ለ 0። የካቲት ላይ በነበረው የሌቨርኩሰን ሜዳ ጨዋታ ደግሞ ባየርን ወደ ጎል ሳይደርስ ነው ነጥብ ይዞ የተመለሰው። በጀርመን ዋንጫም ሌቨርኩሰን ሙኒክ ላይ 1 ለ 0 አሰናብቶታል። በዚያ ላይ ለኦሊሴና ለፓሊንያ ለእያንዳንዳቸው ወደ 50 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ወጥቷል፤ ፓሊንያም ዓመቱን በተቀያሪ ወንበር አሳለፈ። ይህ ሁሉ እያለ የአሰልጣኝ ጥበብ ማለት ስድብ ነው ብሎ ዘጋ።

ምላሽ 7

ለ6ኛው የመጣ ስድብ ነበር። ስለ ሰውየው ቤተሰብ ስለሆነ እዚህ አላነሳውም፤ የመድረኩ ኃላፊዎችም አጥፍተውታል። እባካችሁ።

ምላሽ 8

ቁጥር አስተካካዩ ወዳጃችን ተመለሰ። ስለ ሌቨርኩሰን መውረድ ልክ መሆኑን ተቀበለ። ግን የባየርንን ራሱን ከራሱ ጋር አስተያየው። በ2021 በ78 ነጥብ፣ በ2022 በ77፣ በ2023 ደግሞ በ71 ብቻ ነው ሻምፒዮን የሆነው፤ ያውም የመጨረሻው ከዶርትሙንድ ጋር እኩል ነጥብ ሆኖ በጎል ልዩነት። አምና 72 ነበረው። ዘንድሮ 82። ስለዚህ ሌቨርኩሰን ባይወርድም ባየርን ወጥቷል። የጀርመን ዋንጫውን በተመለከተ በረኛው ኑየር በ17ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ መውጣቱን ጨመረ። በዚያን ያህል ዓመት ጨዋታ የመጀመሪያ ቀዩ ነበር። በ10 ሰው ከ70 ደቂቃ በላይ ተጫውተው በአንድ ጎል ነው የወደቁት። እኔ ደግሞ የማክለው፣ መጋቢት ላይ በሻምፒዮንስ ሊግ ሲገናኙ ባየርን ሌቨርኩሰንን 3 ለ 0 እና 2 ለ 0 አሸንፎታል። 6ኛው ይህን ዘሎታል።

ምላሽ 9

ብራስልስ የምትኖር እህታችን ስለ ኳሱ አልጻፈችም። የጻፈችው ስለ አባትየው ነው። ፒየር ኮምፓኒ በ1975 ከኮንጎ በስደት ቤልጂየም ገባ። በ2018 የጋንስሆረን ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ፤ በቤልጂየም የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ። ጋንስሆረን ከምትሠራበት ቦታ ሩቅ አይደለም። ልጁ በርንሌይን ይዞ ሲወርድ የሥራ ባልደረቦቿ ሲያዝኑለት፣ ባየርን ሲጠራው ደግሞ ሲደነግጡ አይታለች። ቪንሰንት በወጣትነቱ ከ2006 እስከ 2008 ለሃምቡርግ ስለተጫወተ ጀርመንኛ እንደሚችልም አስታወሰችን። ሙኒክ ሲደርስ ጋዜጠኞቹን በራሳቸው ቋንቋ ነው ያነጋገራቸው። በርንሌይንም ቢሆን ከመውረዱ በፊት በ101 ነጥብ ወደ ፕሪምየር ሊግ ያሳደገው እሱ ነው፤ ይህን የሚያነሳ የለም ብላ ቅሬታዋን አሰማች። ልክ ናት። እኔም ከላይ የመውረዱን ብቻ ነበር የጻፍኩት።

ምላሽ 10 እና 11

እዚህ ላይ ክሩ ከመንገድ ወጣ፤ ግን ደስ በሚል መንገድ። 10ኛው፣ ስደተኛ ቤተሰብ ሲነሳ የኛ ደም ያለበት ሰው በቡንደስሊጋ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። 11ኛው ወዲያው ቴዎዶር ገብረ ሥላሴን አነሳ። አባቱ ኢትዮጵያዊ ነው፤ የተጫወተው ግን ለቼክ ነው፤ ለቼክ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች። በ2012 ቨርደር ብሬመን ገብቶ እስከ 2021 በቀኝ መስመር ተጫወተ። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ክለብ! የለቀቀው ብሬመን በወረደበት ዓመት ነው። እኔ ራሴ የብሬመንን ጨዋታ የምከፍተው በማሊያው ጀርባ ያለውን ስም ለማየት ነበር። ዘንድሮ ባየርን ብሬመንን ሜዳው ላይ 5 ለ 0 ሲያሸንፍ እንኳ ሙሉ ደስታ አልተሰማኝም።

ምላሽ 12 እና 13

አንድ ተማሪ የቅዳሜ ጨዋታ አንዳንዴ 10 ሰዓት ተኩል አንዳንዴ 11 ሰዓት ተኩል የሚሆነው ለምን እንደሆነ ጠየቀ። ጀርመኖች በበጋቸው ሰዓታቸውን በአንድ ወደፊት ስለሚገፉ ነው፤ የኛ አይንቀሳቀስም። ፍራንክፈርት ያለ ወንድማችን ነው የመለሰለት።

ምላሽ 14

ይህን ያነበበ ሁሉ ያዝናል። ግንቦት 3 ላይፕዚግ ላይ የነበረው ጨዋታ ትዝ ይላችኋል። ባየርን ቢያሸንፍ ያን ቀን ሻምፒዮን ነበር። ኬን በአምስተኛ ቢጫ ካርድ ታግዶ ከተመልካች ጋር ተቀምጧል። ባየርን 2 ለ 0 ተመርቶ በዳየርና በኦሊሴ እኩል ሆነ፤ በ83ኛው ደቂቃ ሳኔ 3 ለ 2 አደረገው። ወዳጃችን በሰፈሩ ቴሌቪዥን ቤት ነበር የሚያየው። የቴሌቪዥን ቤቱ ባለቤት በዚህ ሰዓት አለቀለት ብሎ ወደ እንግሊዝ ጨዋታ ቀየረው። እነሱም እየጨፈሩ ወጡ። ማታ ቤቱ ሲደርስ ነው ታናሽ ወንድሙ የላይፕዚጉ ፖልሰን በጭማሪ ሰዓት 5ኛ ደቂቃ ላይ 3 ለ 3 ማድረጉን የነገረው። እራት አልበላም አለ። ዋንጫው የመጣው በማግስቱ እሑድ ነው፤ ሌቨርኩሰን ከፍራይቡርግ 2 ለ 2 ሲወጣ። የባየርን ልጆች ሜዳ ሳይገቡ ሻምፒዮን ሆኑ። እሱም እንደዚያው፣ ብቻውን በስልክ እያየ።

ምላሽ 15

ከክሩ ሁሉ ኃይለኛው ይህ ነው። ሰውየው ራሱም የባየርን ደጋፊ ነው፤ ለዚህ ይሆናል ንግግሩ የከበደው። ሊጉን ማሸነፍ ለባየርን ግዴታ እንጂ ስኬት አይደለም ይላል። የዘንድሮው የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ በራሱ በባየርን ሜዳ ነበር። ክለቡ ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ የሚያልመው ይህን ምሽት ነበር። እና ምን ሆነ? አስቶን ቪላ 1 ለ 0፣ ባርሴሎና 4 ለ 1፣ ፌይኖርድ 3 ለ 0። በ36 ቡድን 12ኛ። ሴልቲክን ያለፈው በዴቪስ ባለቀ ሰዓት ጎል። በሩብ ፍጻሜ ኢንተር በድምሩ 4 ለ 3 አሰናበተው። ግንቦት 31 በሙኒክ ሜዳ ለዋንጫ ለመጫወት የደረሰው ኢንተር ሆነ። 5ኛውን ስለ እምነት መስበክ ትቶ ይህን እንዲያስረዳ ጠየቀው። ከፍ ያለውን መስመር ደግሞ ግትርነት ብሎታል።

ምላሽ 16

ሙኒክ የሚኖረው ታላቅ ወንድማችን መለሰ። ሚያዝያ 8 ከኢንተር ጋር የመጀመሪያው ጨዋታ ሲደረግ ሜዳው ውስጥ ነበር። ኑየር የለም፣ ዴቪስ የለም፣ ኡፓሜካኖ የለም፣ ኢቶ የለም። ሙሲያላም ከአራት ቀን በፊት አውግስቡርግ ላይ ተጎድቷል። ከኋላ ተሰልፎ የሚያገለግል ሰው ጠፍቶ ኪም እያነከሰ ሲጫወት ከረመ። ከሦስት ቀን በፊት ደግሞ ለቶማስ ሙለር አዲስ ውል እንደማይሰጠው ተነግሮ ነበር፤ 25 ዓመት በክለቡ የኖረ፣ 13 ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን የሆነ ሰው። ያ ሙለር ነው ተቀይሮ ገብቶ በ85ኛው ደቂቃ 1 ለ 1 ያደረገው። ሜዳው ሲናወጥ ወንድማችን የማያውቀውን ሰው አቅፎ ነበር። ከሦስት ደቂቃ በኋላ የኢንተሩ ፍራቴሲ አገባ። ከዚያ ወደ ፍሮትማኒንግ ባቡር ጣቢያ ሲሄዱ በሺህ የሚቆጠር ሰው ድምፅ ሳያሰማ እንደተራመደ ጻፈ። ኮምፓኒ በዚያ ምሽት በነበረው ሰው ሁሉ ተጫውቷል፤ ለዚያ አልወቅሰውም አለ።

ምላሽ 17

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለ15ኛው፣ በአክብሮት። ሐዘኑ ይገባኛል፤ ግትርነት ያለውን ግን አልቀበልም። በመልሱ ጨዋታ በኢንተር ሜዳ ሳን ሲሮ ላይ 2 ለ 2 ሲወጡ የገቡብንን ሁለት ጎሎች እንደገና አየኋቸው። ላውታሮ በ58፣ ፓቫር በ61። ሁለቱም የመጡት ከማዕዘን ምት ነው። ከፍ ያለው መስመር እዚያ ውስጥ እጁ የለበትም። ወቀሳ ከተፈለገ የማዕዘን ምት አከላከላችን ይወቀስ፤ እሱን እኔም አብሬ እወቅሳለሁ። ፓቫር ደግሞ የራሳችን የቀድሞ ልጅ መሆኑ የበለጠ ያማል።

ምላሽ 18

አንድ ሰው የኛን አገር ክለቦች አነሳ። በሦስት ሽንፈት አሰልጣኝ የሚባረርበት ቤት ስለ ትዕግሥት ማውራት የለበትም ይላል። ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል፤ ክፈተው ወንድሜ፣ እመጣለሁ።

ምላሽ 19

6ኛው ተመለሰ፤ አነጋገሩ ለስልሷል። 8ኛው ያቀረበውን የነጥብ ንጽጽር ተቀበለ፤ 71 እና 82 አንድ አይደሉም። ስድብ ነው ያለውንም አነሳ። ሆኖም አንድ ጥያቄ ተወልን። ሙለር ሄዷል። አሎንሶም ሌቨርኩሰንን ለቋል። ኮምፓኒ በሚቀጥለው ዓመት ማዕዘን ምት መከላከል ካላስተማረ፣ ኪምና ኡፓሜካኖ ደግሞ አብረው ከተጎዱ፣ ያ መሐል ሜዳ ላይ ያለው መስመር ማን ላይ ይቆማል? የአዳማው አሰልጣኝ መልስ እንዲሰጠው በስሙ ጠርቶታል። እስካሁን አልጻፈም። ቅዳሜ የልጆች ውድድር አለበት።